ጀግንነት ዋና አያስተምርም

ከጭቃ ወጥቶ፣ ካናቴራው ከገላው ተጣብቆ፣ ሜዳሊያ በአንገቱ አንጠልጥሎ ፎቶግራፍ የተነሣ ሰው ማየት ዛሬ ብርቅ አይደለም። ግድግዳ መውጣት፣ በገመድ መንጠልጠል፣ በሽቦ ሥር በደረት መሳብ፣ አልፎ አልፎም ሐይቅ ወይም ወንዝ ዋኝቶ መሻገር፤ የመሰናክል ውድድር የሚሉት ይህን ነው። ገንዘብ ከፍሎ መድከም የዘመኑ ጌጥ ሆኗል።

በመድከሙ ጠብ የለኝም። ሰው በፈቃዱ ጭቃ ቢንከባለል ማን ይከለክለዋል? ጠቤ ውሃውን ከግድግዳው እኩል፣ እንደ አንድ ተራ መሰናክል ከሚቆጥረው አስተሳሰብ ጋር ነው። ግድግዳ ያቃተው ሰው ወደ ኋላ ይመለሳል። ገመድ ያመለጠው ይወድቃል፤ ይሰበርም ይሆናል፤ ነገር ግን ሜዳ ላይ ነውና ይታያል። ውሃ መሐል የደከመ ሰው የሚቆምበት መሬት፣ አረፍ የሚልበት ድንጋይ የለውም። አባቶቻችን “ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል” ያሉት በከንቱ አይደለም።

ውድ አንባቢ፣ ሁለት ተከታታይ ቀናትን እናነጻጽር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ የ3,000 ሜትር መሰናክል ፍጻሜ፣ የርቀቱ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ለሜቻ ግርማ በመጨረሻው ዙር መሰናክሉ ጠልፎ ጣለው፤ ጭንቅላቱም ከመሬት ተጋጨ። ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ አየው፤ ሐኪሞች ደረሱለት፤ በቃሬዛ ወጣ። ዳነ፤ ተመልሶም ሮጠ። በማግሥቱ ኦገስት 8፣ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት በፎርት ዎርዝ ከተማ፣ በክሮስፊት ጨዋታዎች የመጀመሪያ ውድድር ላይ ሰርቢያዊው ላዛር ጁኪች 3.5 ማይል ሮጦ 800 ሜትር ሊዋኝ ማሪን ክሪክ ሐይቅ ገባ። ወደ ፍጻሜው ተቃርቦ ሳለ ሰጠመ። የ28 ዓመት ወጣት፣ በዓለም ደረጃ የሚቆጠር ስፖርተኛ፣ ዋናም የሚችል ሰው ነበር። አንዱ በሺዎች ዓይን ፊት ወደቀና ተረፈ፤ ሌላው በተመልካችና በተወዳዳሪ መካከል እንደ ዋዛ ጠፋ። በሜዳ መሰናክልና በሐይቅ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይሻል?

ብዙ ሰው የሚሰጥም ሰው ይጮኻል፣ እጁን ያውለበልባል ብሎ ያምናል። እንዲህ አይደለም። አየር ያጣ ሳንባ ለጩኸት የሚተርፈው ትንፋሽ የለውም፤ ክንዶቹም ውሃውን ወደ ታች ሲጫኑ ለመውለብለብ አይበቁም። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በድንገት የገባ ሰው ሳይፈልግ ይተነፍሳል፤ ያ አንድ ትንፋሽ ውሃ ከሆነ ነገሩ አበቃ። በሩጫ የተንገበገበ ልብና የዛለ ጡንቻ ሲታከልበት ደግሞ አስቡት።

እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ከ1985 እስከ 2016 በሀገሪቱ የትራያትሎን ውድድሮች የደረሱ 135 የሞትና የድንገተኛ ልብ መቆም አደጋዎችን መርምሮ ነበር። ከእነዚህ 90ዎቹ የደረሱት በዋናው ክፍል ነው። ልብ በሉ፣ ትራያትሎን ዋናውን የሚያስቀድም ውድድር ነው፤ ተወዳዳሪው ገና ሳይደክም ይዋኛል። ትኩሱ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ ከሩጫና ከግድግዳ በኋላ ወደ ሐይቅ የሚወረወረው እንዴት ይሆናል?

“የገባው በፈቃዱ ነው፤ ፈርሟል” ይሉናል። ከእነዚህ ውድድሮች ቀደምት የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በእንግሊዝ የተጀመረው ውድድር ተሳታፊዎቹን “የሞት ማዘዣ” ብሎ የሰየመውን ወረቀት ያስፈርም ነበር። ቀልዱ ገብቶኛል። ነገር ግን ፊርማ ውሃ ላይ አያንሳፍፍም። ተወዳዳሪው የፈረመው የራሱን ድካም ሊሸከም ነው እንጂ የአዘጋጁን ቸልተኝነት አይደለም። ስንት ነፍስ አድን ዋናተኛ እንደቆመ፣ የገባውንና የወጣውን ማን እንደሚቆጥር እርሱ በምን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2010 በፉጃይራ በተካሄደው የ10 ኪሎ ሜትር የክፍት ውሃ ውድድር አሜሪካዊው ፍራን ክሪፐን መጥፋቱ የታወቀው ሌሎቹ ከጨረሱ በኋላ ነበር። የውሃው ሙቀት ከ31 ዲግሪ እንዳይበልጥ የሚከለክለው ደንብ የመጣውም ከእርሱ ሞት በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

“አደጋ የሌለበት ስፖርት የት አለ? ፈሪ ቤቱ ይቀመጥ” የሚሉም አሉ። እኔ አደጋው ይጥፋ አላልኩም። ከአደጋ ጋር መታገል አንድ ነገር ነው፤ አደጋን ለድምቀት ሲባል ማዘጋጀት ሌላ። ድፍረት የሚለካው ሰው የሚያውቀውን አደጋ ሲጋፈጥ ነው፤ የማያውቀውን ሲጋፈጥ ግን አለማወቁ ብቻ ይለካል።

ይህ ነገር እኛን በተለይ ይነካል። አብዛኛው ደገኛ ከወንዝ የሚያውቀው መሻገሪያውን ነው። በየክረምቱ በአዲስ አበባ ዙሪያ ውሃ ባቆሩ ጉድጓዶች ሕፃናት ይሞታሉ፤ የከተማይቱ የእሳትና አደጋ ኮሚሽንም በየዓመቱ ይማጸናል። ዋና ሳይማር አድጎ ባሕር የተሻገረ ወገናችን፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ “ና፣ አብረን እንወዳደር” ሲሉት “ዋና አልችልም” ማለት ያሳፍረዋል። የሯጮች ሀገር ልጅ ነኝና ምን ያቅተኛል ይላል። እግር ግን ሐይቅ ውስጥ ሀገር የለውም።

ስለዚህ አዘጋጆችን የምንጠይቀው ቀላል ነው። ዋናውን ከሩጫው በፊት አድርጉት። መዋኘቱን በገንዳ ያላረጋገጠ ሰው ሐይቅ አይግባ። ተወዳዳሪውን በትናንሽ ቡድን አስገቡ፤ የገባውንና የወጣውን በራስ ቁጥር ቁጠሩ። ሐይቁን በእግር ዞሮ ማለፍ ለሚሻ ያለ ቅጣትና ያለ ፌዝ መንገድ ክፈቱ። ይህን ማድረግ የማይችል አዘጋጅ ውሃውን ይተው፤ ጭቃው ይበቃዋል።

ለወገኔም አንድ ቃል አለኝ፦ ከሜዳሊያው በፊት ዋናውን ተማር፤ ልጆችህንም አስተምር። እስከዚያው በሐይቁ ዳር ቆመህ “አልገባም” በል። ፈሪ ቢሉህ፣ ፈሪ የተባለ ሰው ማታ እቤቱ ገብቶ እራቱን ይበላል።