ኢጣልያንኛን በአማርኛ በኩል እንማረው

ኢጣልያንኛ ማጥናት ከጀመርኩ አንድ ዓመት ሆነኝ። የማጠናበት መጽሐፍ የተዘጋጀው እንግሊዝኛ ለሚናገሩ ሰዎች ስለሆነ፥ እኔም ሁሉን ነገር በመጀመሪያ በእንግሊዝኛ አስቤ ወደ ኢጣልያንኛ እመልስ ነበር። በዚህም ምክንያት ከደረሰብኝ ስሕተት የተማርኩትን ለአንባብያን ለማካፈል እወዳለሁ።

አንድ ቀን ጎረቤታችን የሆኑትን አንድ ሽማግሌ ኢጣልያዊ «ቻው፥ ኮሜ ስታይ» አልኳቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው በአማርኛ «ልጄ፥ እኔን አንተ አልከኝ እኮ» አሉኝ። በጣም አፈርኩ። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ያያቴን እኩያ ከቶ አንተ አልልም ነበር። የእንግሊዝኛው «ዩ» ግን ለሕፃኑም ለሽማግሌውም አንድ በመሆኑ አዘናጋኝ። በኢጣልያንኛ ለቅርብ ሰው «ቱ»፥ ለሚከበር ሰው «ሌይ» ይባላል፤ ስለዚህ ማለት የነበረብኝ «ኮሜ ስታ» ነው። «ቻው» የሚለውም ቃል እኛ ከማንም ሰው ጋር ስንሰናበት የምንለው ሲሆን፥ በእነርሱ ዘንድ ሲገናኙም ሲለያዩም የሚባል የቅርብ ሰው ሰላምታ ነው።

ይልቁንም የሚያስደንቀው «ሌይ» ማለት «እሷ» ማለትም መሆኑ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ በዚህ ግራ ይጋባል። እኛ ግን «ይናገራሉ» ስንል ለብዙ ሰዎችም ለአንድ የተከበረ ሰውም መሆኑን ከልጅነታችን እናውቃለን። አክብሮትን ከሌላ መደብ መዋስ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

እንደዚሁም «ፓርሎ» ማለት «እናገራለሁ» ማለት ነው። «እኔ» የሚለው ቃል በግሡ መጨረሻ ይታወቃል፤ በአማርኛም እንዲሁ ነው። ደግሞም «ፓላ» ላልቶ ሲነበብ አካፋ፥ ጠብቆ ሲነበብ ኳስ ነው። «ገና» የሚለውን ቃል አጥብቆና አላልቶ የሚለይ ሰው ይህ አያስቸግረውም።

በእርግጥ አማርኛ በሁሉም አይረዳንም። ጠረጴዛ ወንድ፥ ወንበር ሴት የሚሆኑበትን ምክንያት መፈለግ ከንቱ ድካም ስለሆነ በቃል መያዝ ይገባል። ግሡም እንደ እንግሊዝኛው በዓረፍተ ነገሩ መካከል ይገባል እንጂ እንደ እኛ በመጨረሻ አይቀመጥም።

«የወረረንን አገር ቋንቋ መማር ምን ይጠቅማል?» የሚሉ ወላጆች ይኖሩ ይሆናል። እኔ ግን በታሪክ ትምህርት የተማርነውን የውጫሌን ውል አስታውሳለሁ። በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው በዚህ ውል 17ኛ አንቀጽ፥ የአማርኛው ጽሑፍ ዳግማዊ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም ይችላሉ ሲል፥ የኢጣልያንኛው ግን ለመጠቀም ተስማምተዋል የሚል ነበር። ኢጣልያም ይህን እንደ ግዴታ ቆጥራ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት አለች። ጠቡም በ1888 ዓ.ም. እስከ ዓድዋ ጦርነት አደረሰ። የአንድ ግሥ ክብደት ከዚህ ይታወቃል፤ የሌላውን ቋንቋ ጠንቅቆ ማወቅም የራስን መብት መጠበቅ ነው።

ስለዚህ ኢጣልያንኛ ለመማር የምትፈልጉ ጓደኞቼ፥ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ አትጣሉት፤ ነገር ግን በየገጹ ዳር የአማርኛውን አነጋገር ጻፉበት። እኔ እንደዚህ ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ ጎረቤታችንን «ቧን ጆርኖ፥ ኮሜ ስታ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ልጄ» ይሉኛል።