ተያዥ የሌለው ሠራተኛ

ሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ሱቅ ከከፈትኩ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። እስካሁን ሦስት ሠራተኛ ቀጥሬያለሁ፤ ሦስቱንም ተያዥ አስጠርቻለሁ። ለመጨረሻዋ ልጅ ተያዥ የሆኑት አጎቷ ናቸው። ከመሥሪያ ቤታቸው የደመወዝ ማረጋገጫ ይዘው መጡ፣ ፈረሙ፣ ሊወጡ ሲሉ ዞር ብለው «እንዳታዋርጂኝ» አሏት። ልጅቷ ዛሬም አብራኝ አለች። ማታ ሒሳብ ስትዘጋ ሃምሳ ብር ከጎደላት ሦስቴ ሳትቆጥር ከሱቅ አትወጣም።

አምና አራተኛ ሠራተኛ ጨመርኩ። ይኸኛው ሰው አይደለም፤ በቴሌግራም ገጼ ደንበኛ የሚያስተናግድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል ነው። እውነቱን ለመናገር ጠቅሞኛል። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ዱባይና ሜሪላንድ ናቸው፤ ሜሪላንዶቹ የሚጽፉልኝ እኔ ስተኛ ነው። ጥለቱ በሌላ ቀለም አለ ወይ፣ ለቁመቴ ስንት ሜትር ይበቃል፣ ለሠርጉ ይደርሳል ወይ ሲሉ ወኪሉ ሌሊቱን ሲመልስ ያድራል። ጠዋት ስነሣ ትእዛዙ ተዘርዝሮ ይጠብቀኛል፤ ለሸማኔዬ መደወል ብቻ ነው የሚቀረኝ።

ጥፋቱ የመጣው ገንዘብ ሳስነካው ነው። የሸጡልኝ ሰዎች «ዋጋም ይደራደር፣ ክፍያም ይቀበል፣ ለምን ትደክሚያለሽ?» አሉኝ፤ እሺ አልኩ። የገና ሰሞን አንዲት ደንበኛ ሁለት የመነን ቀሚስ መርጣ «የመጨረሻው ስንት ነው?» ብላ ጀመረች። እኔ ብሆን የእጅ ሥራ መሆኑን አስረድቼ፣ ጥለቱን በፎቶ አቅርቤ አሳይቼ፣ ቢበዛ ሁለት መቶ ብር እቀንስላት ነበር። ወኪሉ በአንድ ጊዜ አንድ ሺህ ወረደላት። ስትጨቀጭቀው ሌላ አንድ ሺህ። «ለእናቴ ነው፣ አሟታል» ስትለው እግዜር ይማርልሽ ብሎ አሁንም ወረደ። በመጨረሻ የተስማማበት ዋጋ የክሩንና የሽመናውን ወጪ አይሸፍንም።

ከዚያ የክፍያ ምስል ላከችለት። መጠኑን አነበበ፣ የማረጋገጫ ቁጥሩን አነበበ፣ «ክፍያዎ ደርሶናል» አለና ሞተረኛውን ላከው። ከባንኩ ወደ ስልኬ የገባ መልእክት ግን አልነበረም፤ ምስሉ የተቀናበረ ነው። የሱቄ ልጅ ምስል አይታ ዕቃ ሰጥታ አታውቅም፤ «ብሩ ይግባና» ነው የምትለው። ወኪሉ ግን የተጻፈ ቁጥር ካየ ብር ያየ ይመስለዋል።

ለሻጮቹ ስደውል ሲስተሙ በትክክል መሥራቱን፣ ደንቡን ማስገባት የእኔ ድርሻ መሆኑን ነገሩኝ። ውሉን አውጥቼ አገላበጥኩት። ኃላፊነት የሚለው ቃል ያለው በእኔ በኩል ብቻ ነው።

ሞኝነቴ ነው ብዬ ዝም ልል ነበር። በኋላ ግን አንትሮፒክ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ያደረገውን ሙከራ አነበብኩ። ክሎድ የተባለውን የራሱን ሞዴል ሳን ፍራንሲስኮ ቢሮው ውስጥ ያለች ትንሽ ሱቅ አስረከበው፤ ሞዴሉም አንድ ወር ያህል ነገደ። ደንበኞቹ ከሞላ ጎደል የቢሮው ሠራተኞች ሆነው ሳለ ለሠራተኛ 25 በመቶ ቅናሽ ፈቀደ፤ ሲጠየቅ አቆማለሁ አለ፣ ጥቂት ቀን ሳይቆይ ተመለሰበት። የተንግስተን ብረት ኩብ ከገዛበት በታች ሸጠ። ይባስ ብሎ ቬንሞ በተባለው የክፍያ መተግበሪያ በሌለ ሒሳብ ገንዘብ ላኩልኝ ያለበት ጊዜም ነበር። ድርጅቱ ይህን ሳይደብቅ ማሳተሙን አከብርለታለሁ። እነዚህ ሞዴሎች ሰውን እንዲረዱና እንዲያስደስቱ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ንግድ ላይ ደግሞ እምቢ ማለት ራሱ ሥራ ነው።

ታዲያ ሲያጠፋ ማን ይጠየቅ? ካናዳ ውስጥ የኤር ካናዳ ቻትቦት አያቱ ለሞቱበት መንገደኛ ስለ ሐዘን ቅናሽ የተሳሳተ መረጃ ሰጠው። አየር መንገዱ ቻትቦቱ ራሱን ችሎ ይጠየቅ ብሎ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዳኝነት አካል ይህን አልተቀበለውም፤ አየር መንገዱ ራሱ ከፈለ። ፍርዱ ትክክል ነው፣ ደንበኛ መጎዳት የለበትም። ነገር ግን አየር መንገድ ይከፍላል፤ እኔን መሰል የሽሮ ሜዳ ነጋዴ ከየት ታመጣለች?

እኛ አገር ወኪል አዲስ ነገር አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ያሠራል እንጂ ቤት አያሸጥም፤ ለዚያ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ጉግልም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ለወኪሎች ክፍያ ባወጣው አሠራር ላይ ባለቤቱ ምን እንደፈቀደ በዲጂታል ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰነድ አስገብቷል። የእኔም ጥያቄ ይኸው ነው። ወኪሉ እስከ ስንት ብር መቀነስ፣ ምን አይቶ ዕቃ መልቀቅ እንደሚችል አስቀድሞ ተጽፎ ይፈረም፤ ከዚያ ካለፈ ሻጩ ድርጅት ተያዥ ሆኖ ይክፈል። ለክፍያ ድርጅቶች ፈቃድ የሚሰጠው ብሔራዊ ባንክ ነውና ነገሩ ሳይስፋፋ ከአሁኑ ይጠይቅልን።

ወኪሉን አላባረርኩትም። ዛሬም ሌሊት ልክ ይቀበላል፣ ስለ ጥለት ያስረዳል፤ ወሬው ዋጋ ላይ ሲደርስ «ከባለቤቷ ጋር ላገናኝዎት» ብሎ ያቆማል። የባንኩ መልእክት የሚገባበት ስልክ ልጅቷ እጅ ነው። የእነዚያን የሁለት ቀሚሶች የሽመና ሒሳብ ለሸማኔዬ ከፍዬ የጨረስኩት የካቲት ላይ ነው።