ከጓሮ የተገኘ ጌጥ ለቆራሌ አይሸጥ!

ባለፈው ክረምት ጓሯችንን ስንቆፍር የጠቆረ የአንገት ጌጥ አገኘን። ወንድሜ «ብረት ነው፣ ለቆራሌ እንሽጠው» አለ። ማግኔት ሳስጠጋበት ግን አልሳበውም፤ ብረት አይደለም ማለት ነው። ከዛ እንዲጠራልኝ ብዬ በአሸዋ ፈተግኩት። አያቴ ሲያዩት «ይሄማ ማርትሬዛ ብር ነው! ድሮ ማንጠልጠያ አስበይደን አንገታችን ላይ እናደርገው ነበር። ምነው ፊቷን አጠፋሽው?» አሉኝ። እስካሁን ይቆጨኛል። 1780 የሚለው ቁጥር ግን አልጠፋም። የዛን ዓመት የተሠራ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ በኋላ የተሠሩትም ሁሉ 1780 ነው የሚሉት!

ስለዚህ በኔ አስተያየት የድሮ ጌጥ ያገኘ ሰው አይፈትገው፣ አይሽጠውም። መጀመሪያ ትልልቅ ሰዎችን ይጠይቅ። ቅርስ ከሆነ ደግሞ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንደዛ ይላል።