ፊኛ ለቃቂው ብቻውን አይሁን



የአየር ጠባይ መመርመሪያ ፊኛ ሲለቀቅ ለተማሪዎቼ ለማሳየት ሄጄ ነበር። ነፋሱ ብርቱ ሳለ ፊኛውንም መሣሪያውንም የያዘው አንድ ሠራተኛ ነበር። በለቀቀው ጊዜ መሣሪያው እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ዞሮ በአንድ ልጅ ራስ አጠገብ አለፈ።

ሠራተኛው ትጉህ ነው፤ ጥፋቱ ብቻውን መተዉ ነው። ነፋስ ሲበረታ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ይኸውም አንዱ ፊኛውን ሲይዝ ሁለተኛው መሣሪያውን ይዞ ነፋሱ በሚሄድበት ወገን ይቆማል። ሲባጎውም ከመጠቅለያው ቀስ በቀስ የሚፈታ ይሁን። ተመልካች ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ይቁም። ጋዙ ሃይድሮጂን ከሆነ በትንሽ ብልጭታ ስለሚቀጣጠል እሳት አይቅረብ።

እስከ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ የሚገኘው ወሬ ለአውሮፕላንም ለገበሬም ይጠቅማል። ነገር ግን የሁለተኛ ሰው ደመወዝ ከአንድ ልጅ ዓይን አይበልጥምና ይታሰብበት እላለሁ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር