ክብደትን መቀነስና የቀነሱትን መጠበቅ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ከልጅነቱ ያልሰማ የለም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውም እንደዚሁ ነው። በትምህርትና በሥራ ረገድ ሁለቱም እውነተኛ መካሪዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ተረቱ ወደ ሰውነት ክብደት ተሻግሮ፥ በዝግታ የከሳ ሰው እንደ ከሳ ይቆያል፥ በጥድፊያ የከሳ ግን ወዲያው ተመልሶ ይወፍራል ሲባል በየቢሮውና በየሻይ ቤቱ ይሰማል። አባባሉ እውነት ነው ወይስ ልማድ? ይህን መመርመር በተለይ ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞችና ለተማሪዎች የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው ዛሬ እንጽፍበታለን።

በቅድሚያ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል አንዘነጋም። በነገሌ ቦረና፥ በሞያሌ፥ በፊልቱና በዶሎ ኦዶ ስለ ውፍረት መናገር ተገቢ ነውን? ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በእነዚህ ቆላዎች በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ከሽፈው ከብቱ ያለቀበት፥ ሰውም የከሳበት ጊዜ ገና ከአእምሮ አልጠፋም። ተቃውሞው የሚከበር ነው፤ ግን እውነቱን በሙሉ አይናገርም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፥ ዕድሜአቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች መካከል ከመቶ 22ቱ ከልክ በታች የከሱ ሲሆኑ ከመቶ 8ቱ ከልክ በላይ የወፈሩ ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. ግን የወፈሩት ከመቶ 3 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ረኀብና ውፍረት በአንድ አገር፥ አንዳንዴም በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ድርቅ ያከሳውን አርብቶ አደር ሳይሆን በወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውለውን ነው።

ከደጋ ተመድቦ ወደ ቆላ የሚወርደው ወጣት ሹም በመጀመሪያው ዓመት የሚያጋጥመውን እንመልከት። የአገሩ ሰው እንግዳ ተቀባይ ነው። ወተቱ የሰባ ነው፤ ሥጋው በቅርብ ይገኛል፤ በቅቤ የተጠበሰው የቡና ፍሬ፥ ማለት ቡና ቀላ፥ ለእንግዳ የሚቀርብ የክብር ምግብ ነው። ከዚህም ጋር የከተማው ሩዝና ፓስታ፥ ስኳር የበዛበት ሻይ በወተት ይጨመርበታል። ፀሐዩ ስለሚከብድ ከቤት እስከ ጽሕፈት ቤት በባጃጅ ይኬዳል። በዱብሉቅ ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ተሰልፎ፥ እየዘፈነ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ የሚያቀብለው ጎልማሳ የሚጠጣው ያንኑ ወተት ነው። ልዩነቱ፥ እርሱ የጠጣውን በጉልበቱ ያወጣዋል፤ ሹሙ ግን ይዞት ይቀመጣል።

ከዚያም ሱሪው አልገባ ሲል ቁርጥ ሐሳብ ይመጣል። አንዱ ለአንድ ወር ጎመንና ውኃ ብቻ እበላለሁ ይላል። ሌላው ሁዳዴን ወይም ረመዳንን ይጠብቃል። ነገር ግን በረመዳን ስለሚቀነሰው ክብደት የተደረጉ ብዙ ጥናቶች የሚያሳዩት፥ የሚቀነሰው ጥቂት መሆኑንና ከበዓሉ በኋላ ባሉት ሳምንታት አብዛኛው መመለሱን ነው። ጾም ለነፍስ የተሠራ እንጂ ለሚዛን የተሠራ ስላልሆነ በዚህ ሊነቀፍ አይገባውም። የሚነቀፈው፥ ከጾሙ በኋላ ምን እንደሚበላ ሳያስብ ክብደቱን ለጾሙ አደራ የሰጠው ሰው ነው። ይህም ሰው ክብደቱ ሲመለስ «ቸኩዬ ስለ ቀነስሁ ነው» ብሎ ይደመድማል።

ይህን መደምደሚያ በአውስትራሊያ የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በሚገባ ፈትነውታል። ውጤቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ገልጸዋል። 200 ወፍራም ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፥ አንዱ ወገን በ12 ሳምንት በጥብቅ አመጋገብ፥ ሌላው ወገን በ36 ሳምንት በዝግታ እንዲቀንስ አደረጉ። ከክብደታቸው ከመቶ 12 ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ለመቀነስ የበቁት ከፈጣኖቹ መካከል ከመቶ 81 ሲሆኑ፥ ከዘገምተኞቹ መካከል ከመቶ 50 ብቻ ነበሩ። ለዚህ የበቁትን ሁሉ ደግሞ ወደ ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከታተሏቸው። በመጨረሻ ፈጣኖቹም ዘገምተኞቹም ከቀነሱት ክብደት ከመቶ 71 ያህሉን መልሰው አገኙት። በሁለቱ መካከል የሚቆጠር ልዩነት አልነበረም። እንግዲህ ስለ እንቁላል የተነገረው ተረት እዚህ ላይ አይሠራም። ፍጥነትም ዝግታም በራሱ የቀነሱትን አያስጠብቅም።

ምክንያቱ ምንድር ነው? የቦረና ከብት አርቢ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ላሟ ትከሳለች፤ ዝናብ ዘንቦ ሣር ሲበቅል ግን ሳትከሳ ከኖረችው ይልቅ እየፈጠነች ትሰባለች። በችግሩ ጊዜ ሰውነቷ በጥቂቱ መኖርን ስለ ለመደ፥ መኖው ሲበዛ ቁጠባው ወዲያው አይተዋትም። የሰውም ሰውነት ለክፉ ቀን የተሠራ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1944 እና በ1945 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ የተባለው ሊቅ 36 ጤነኞች ወጣቶችን በፈቃዳቸው ለስድስት ወር በጥቂት ምግብ አኖራቸው። ከክብደታቸው አንድ አራተኛ ያህል ቀነሱ፤ ሐሳባቸውና ወሬአቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። እገዳው ሲነሣላቸውም ከለመዱት እጅግ አብልጠው በሉ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የሜልቦርን ሐኪሞች እንደ ገለጡት፥ ለ10 ሳምንት በጥብቅ አመጋገብ በከሱ ሰዎች ደም ውስጥ ረኀብን የሚቀሰቅሰው ሆርሞን እንደ ጨመረ፥ ጥጋብን የሚያስታውቀውም እንደ ቀነሰ ከአንድ ዓመት በኋላ እንኳ ተገኝቷል። ስለዚህ ክብደቱ የተመለሰበትን ሰው ሰነፍ ወይም ሆዳም ብሎ መስደብ አላዋቂነት ነው። የሚታገለው ከገዛ ሰውነቱ ጋር ነው።

ታዲያ ነገሩ ተስፋ የለውምን? አለው። በአሜሪካ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመ አንድ መዝገብ፥ ከ13 ኪሎ በላይ ቀንሰው ቢያንስ አንድ ዓመት የጠበቁትን ሰዎች ይመዘግባል፤ የተመዘገቡትም ከ10 ሺህ በላይ ናቸው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በፍጥነት፥ አንዳንዶቹ እስከ 14 ዓመት በሚደርስ ዝግታ የቀነሱ ናቸው። በአቀናነሳቸው አይመሳሰሉም፤ የሚመሳሰሉት ከቀነሱ በኋላ በሚኖሩት ኑሮ ነው። አብዛኛዎቹ ቁርስ ይበላሉ፤ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመዘናሉ፤ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ፤ ከዚህም ውስጥ የሚበዛው በእግር መሄድ ነው።

እንግዲህ ወጣቱ የትኛውን ይምረጥ? ፈጣኑ መንገድ ለአንዳንድ በሽተኞች ጠቃሚ መድኃኒት ነው። በስኮትላንድና በእንግሊዝ በተደረገና በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፥ በሐኪም ጥበቃ ፈጥነው ከቀነሱ የስኳር በሽተኞች ከመቶ 46ቱ በዓመቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ተስተካክሎ ተገኝቷል። ነገር ግን «በሐኪም ጥበቃ» የሚለውን ቃል አንባቢ አይዝለለው። በጥድፊያ መክሳት የሐሞት ጠጠር ሊያመጣ ይችላል፤ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰውም መጠኑን ሳያስተካክል ምግቡን ቢቀንስ ስኳሩ ወይም ግፊቱ ከልክ በታች ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ሐኪም ቤት ሩቅ በሆነበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ያለ ሐኪም የሚጀምር ሰው ዝግታን ይምረጥ፤ የሚመርጠው ግን ዝግታ ከመመለስ ያድናል ብሎ ሳይሆን አደጋው የሚያንስ ስለ ሆነ ነው። ሳይፈልገው የሚከሳ ሰው ደግሞ ደስ አይበለው። ይህ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ይመርመር።

ለቆላ ከተማ ኑሮ የሚስማማው ሥርዐት አስቸጋሪ አይደለም። ፀሐይ ሳይበረታ ጧት በእግር ወደ ሥራ መሄድ፤ የሻዩን ስኳር ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ፥ ከአንድም ወደ ምንም ማውረድ፤ ሩዝና ፓስታውን በአንድ ማዕድ ላይ አለመደራረብ፤ ባቄላ፥ ምስርና ጎመን ማዘውተር። የቡና ቀላውን ግብዣ እምቢ ማለት ባለቤቱን ማሳዘን ነው፤ ጥቂት ቀምሶ አመስግኖ ማለፍ ግን ክብርንም ጤናንም ይጠብቃል። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፥ በአንድ ዓይነት ልብስ ተመዝኖ ቁጥሩን በደብተር መጻፍ ያስፈልጋል። ሁለት ኪሎ ሲጨምር ማረም ይቻላል፤ አሥር ኪሎ ሲጨምር ግን እንደ ገና መጀመር ነው። ብዙ መቀነስ ያቃተውም ተስፋ አይቁረጥ። ከክብደቱ ከመቶ አምስት ያህሉን ቀንሶ የሚጠብቅ ሰው የደም ግፊቱና ስኳሩ ይሻሻልለታል።

በጽሕፈት ቤቶች ውስጥ ያሉ የበላይ ሹማምንትም ድርሻ አላቸው። ስብሰባ በተደረገ ቁጥር ለስላሳ መጠጥና ብስኩት ማቅረብ ግዴታ አይደለም፤ ውኃና ስኳር በሌለው ቡና መተካት ይቻላል። ትምህርት ቤቶችም ተማሪው ስፖርትን ለፈተና ነጥብ ብቻ ሳይሆን ለዕድሜ ልክ ልማድ እንዲይዘው ቢያስተምሩ፥ ነገ በወንበር ላይ የሚቀመጠው ሹም ከዛሬው የተሻለ ይሆናል።

ከእንግዲህ አንድ ወጣት ክብደቱን ለመቀነስ ሲያስብ «በስንት ወር እቀንሳለሁ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ከቀነስሁ በኋላ በየቀኑ ምን እየበላሁ፥ ምን ያህል እየሄድሁ እኖራለሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ለዚህ መልስ ያለው ሰው ፈጥኖም ቢቀንስ፥ ዘግይቶም ቢቀንስ ተስፋ አለው። መልስ የሌለው ግን የቀነሰውን ኪሎ ለጥቂት ወራት ብቻ አበድሮ መልሶ እንደሚቀበለው ይወቅ።