እሁድ በሰው ሜዳ



የፊታችን እሁድ የወጣቶች ቡድናችን ለመልሱ ጨዋታ ወንዙን ይሻገራል። ሰሞኑን በሱቁም፣ በቡናውም፣ በዕድሩ ድንኳን ሥር ሳይቀር ወሬው ሌላ አይደለም። ስለዚህ እኛም ሐሳባችንን በዚህ ሰሌዳ ላይ ማስፈር ወደድን።

በሜዳችን 2 ለ 1 አሸንፈናል። ብዙዎቻችን «አቻ ይበቃናል፤ ልጆቹ በር ዘግተው ይጠብቁ» እያልን ነው። ሂሳቡ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በውድድሩ ደንብ ድምሩ እኩል ከሆነ በሰው ሜዳ ብዙ ያገባው ያልፋል። እነሱ እዚህ አንድ አግብተዋል። እዚያ 1 ለ 0 ከረቱን ወደቅን ማለት ነው። ዝም ብሎ መከላከል ላም አለኝ በሰማይ ይሆንብናል።

ብሔራዊ ቡድናችን በጳጉሜ 2004 ዓ.ም. በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ሲሸነፍ «በቃ፣ አለቀልን» ያልን ብዙ ነበርን። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ሲረታ ግን ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ። እነዚያ በሰው ሜዳ የገቡት 3 ጎሎች ናቸው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቁን። እንግዲህ ልጆቻችን እዚያ አንዲት ጎል ቢያገቡ ጨዋታው ሌላ መልክ ይይዛል።

«የነሱ ሜዳ ያዘነብላል፣ ደጋፊያቸው መስመሩ ላይ ይቆማል» የሚለውም እውነት ነው። ነገር ግን ዋልያዎቹ በሰኔ 2014 ዓ.ም. የራሳቸውን ጨዋታ በማላዊ፣ ሊሎንግዌ ለማድረግ ተገደው ግብፅን 2 ለ 0 አሸንፈዋል። ሜዳ ብቻውን አያሸንፍም፣ ብቻውንም አያሸንፍም ብለን እንመን።

አሁን ደግሞ ደስ የማይለውን እንናገር። ባምናው ጨዋታ መጀመሪያ ድንጋይ የወረወረው ከእኛ ወገን ነበር። የአንድ ልጅ ግንባር ተሰፋ። እናቱ እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ስታየን ፊቷን ታዞራለች። ኧረ ተዉ ጎበዝ! ከማዶዎቹ ጋር በአንድ ገበያ እንሸምታለን፣ ልጆቻችን በአንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ፣ ተጋብተናል፣ ተዋልደናል። ዋንጫው ለአንድ ዓመት ነው፤ ጉርብትናው ግን ለልጅ ልጅ ነው።

ሌላም አለ። ያችን አንድ ጎል የገባበት በረኛችን ገና 17 ዓመቱ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሱቅ በሄደ ቁጥር እየተፎገረ ከርሟል። በዚህ ሁኔታ እሁድ እንዴት በር ላይ ይቁም? ያገኘው ሁሉ ትከሻውን መታ አድርጎ «አይዞህ» ይበለው።

በመሆኑም ነዋሪው ከቀኑ 7 ሰዓት በማኅበሩ በር ላይ ተሰብስቦ፣ አባቶችንና እናቶችን አስቀድሞ አብሮ እንዲሻገር እናሳስባለን። ጠጥቶ የሚመጣ አይከተለን። ዳኛው ቢሳሳትም አንሳደብ። የማዶዎቹን ሽማግሌዎች ቀድመን ሰላም እንበል፤ ያምናውንም ይቅርታ እንጠይቅ።

የምንመኘው ድልን ነው፤ አንደብቅም። ሆኖም ብንሸነፍ እንኳ ልጆቻችንን እያጨበጨብን ይዘናቸው እንመለስ።

ድል ለልጆቻችን! ሰላም ለሁለቱም ሰፈር!