ግምገማ ወይስ ትምህርት?

አንድ ፕሮጀክት ሲያልቅ በየቢሮው ስብሰባ ይጠራል። ሰብሳቢው አለቃው ነው፤ ውስጥ ውስጡን የሚጠየቀውም «ማን አጠፋ?» ነው። መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል፦ «በአጠቃላይ ጥሩ ነበር፤ የበጀት እጥረት አጋጥሞናል»።

ይህ ፍርሃት ከሰማይ አልወረደም። በኢሕአዴግ ዘመን ግምገማ ማለት ሂስና ግለ ሂስ ነበር፤ ሰው ከወንበሩ የሚነሳበት መድረክ። በእንጀራው የሚፈራ ሰው እውነቱን አያወጣም።

የአሜሪካ ጦር እንኳ፣ ያ ሁሉ ማዕረግ ባለበት፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከልምምድ በኋላ ወታደሩን የሚያወያየው በጥቂት ጥያቄዎች ነው። ምን ታቅዶ ነበር? ምን ሆነ? ለምን? ቀጥሎስ ምን ይደረግ? አወያዩ ይጠይቃል እንጂ አይፈርድም።

ሌላው ጥያቄ ማን ይቀመጥ የሚለው ነው። በዳንግላ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ነዋሪዎች ዝናብን፣ የወንዝ ከፍታንና የጉድጓድ ውኃን ራሳቸው እየለኩ መዝግበዋል። መዝገቡን ከመደበኛ ጣቢያዎችና ከሳተላይት መረጃ ጋር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች በ2016 ባሳተሙት ጥናት ጥራቱን መስክረውለታል። ልኬቱ ለሳይንስ የበቃ ገበሬ፣ ስለ ፕሮጀክቱ የሚናገረው እንዴት አይበቃም?

ስለዚህ የመዝጊያ ውይይቱ ከከተማ ሆቴል ወደ ቀበሌ ይውረድ። አወያዩ ከውጭ ይምጣ፤ አለቃ መጨረሻ ላይ ይናገር፤ የተባለው ነገር ከሠራተኛው የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ጋር አይያያዝ። ማን ምን እንደሚያስተካክልና እስከ መቼ እንደሆነም ይጻፍ።

አለበለዚያ የደረቀው ጉድጓድ አጠገብ ሌላ ደረቅ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ሪፖርቱም «በስኬት ተጠናቀቀ» ይላል።